ጳጉሜን 6ን የሞከረው አለ?

ሥራ የጀመራችሁ ወጣት ቴስተሮች (የሶፍትዌር ፈታሾች) ስታገኙኝ የምትጠይቁኝ ይመሳሰላል፤ «ሴሌኒየም ልማር ወይስ ፕሌይራይት?» የፈለጋችሁትን ተማሩ፤ ሁለቱም ድረ ገጽን በማሽን የሚፈትሹ መሣሪያዎች ናቸው፤ በነፃም ይገኛሉ። ሁለቱም ግን የታዘዙትን ብቻ ነው የሚሠሩት። ምን ማዘዝ እንዳለበት ያላወቀ ሰው በእጁ ሲደክምበት የነበረውን ፋይዳ ቢስ ሙከራ አሁን በየሌሊቱ በማሽን ያስደጋግማል።

ሙያው ያለው ምርጫው ላይ ነው። ሁሉንም ግቤት (ወደ መተግበሪያው የሚገባ መረጃ) ሞክሮ የጨረሰ የለም። ስለዚህ ተመሳሳይ ባሕርይ ያላቸውን ግቤቶች በቡድን ትከፍሉና ከየቡድኑ አንዳንድ ትወስዳላችሁ፤ ቀጥሎ ድንበሩን ትነካላችሁ። ዕድሜ ከ18 እስከ 60 ከተባለ በ35 ብቻ ሳትቆሙ 17ን፣ 18ን፣ 60ንና 61ን አስገቡ። እ.ኤ.አ. በ1996 አሪያን 5 ሮኬት ከተነሣ 40 ሰከንድ ገደማ ላይ የጠፋው ከ32,767 በላይ በማይይዝ ቦታ ትልቅ ቁጥር ሊገባ በመሞከሩ ነው። ኮዱ ከአሪያን 4 የተወረሰ ነበር፤ እዚያ ቁጥሩ ያን ያህል አያድግም ነበርና ማንም አልተጨነቀበትም።

የእኛ አገር ደግሞ የራሱ ድንበሮች አሉት፤ እኔ ይበልጥ የምወዳቸው እነዚህን ነው። መተግበሪያው የኢትዮጵያን ቀን እቀበላለሁ ካለ ጳጉሜን 6ን ስጡት፤ በ2015 መቀበል፣ በ2016 እምቢ ማለት አለበት። ቀጥሎ ጥቅምት 30ን ሞክሩ። 30/2 ተብሎ ሲጻፍ፣ ከውስጥ በፈረንጅ አቆጣጠር የሚያስብ ኮድ «ፌብሩዋሪ 30 የለም» ብሎ ይመልሰዋል። ሰዓቱም አለ፤ ደንበኛ «ሰኞ ሌሊት 7 ሰዓት» ሲል ሲስተሙ የትኛውን ቀን ይመዘግባል?

ፊደላችንም እንዲሁ ነው። ኮምፒውተር ጽሑፍ በሚያስቀምጥበት በዩቲኤፍ-8 አሠራር አንዱ ፊደል 3 ባይት ስለሚይዝ 20 ባይት የተፈቀደለት ሳጥን 6 ፊደል ብቻ ይችላል፤ ሰባተኛው ከመሐል ይቆረጣል። በእንግሊዝኛ 160 ሆሄ የሚይዝ አንድ የኤስኤምኤስ መልእክት በአማርኛ 70 ብቻ ነው የሚይዘው፤ ሒሳቡ ላይ ለውጥ አለው። ስም ፍለጋ ላይ ኃይሉ፣ ሐይሉና ሀይሉ ብላችሁ ጻፉ። በእኔ እምነት ፍለጋው ሦስቱንም ማምጣት አለበት፤ መታወቂያ ሲመሳከር ግን ዝም ብሎ አንድ ሊያደርጋቸው አይገባም። መስፈርቱ ላይ ካልተጻፈ ጠይቃችሁ አስጽፉ።

ለንባብ የአይኤስቲኪውቢ (ለሶፍትዌር ፈታሾች የምስክር ወረቀት ፈተና የሚያዘጋጅ ዓለም አቀፍ ድርጅት) የመሠረታዊ ደረጃ ሥርዓተ ትምህርት በነፃ ይወርዳል። ፈተናውን ባትቀመጡም አንብቡት፤ ደረቅ ነው፣ ቻሉት። ለልምምድ ሆን ተብሎ ስህተት የተቀበረበት «ስዋግ ላብስ» የሚባል የይስሙላ የድረ ገጽ ሱቅ አለ፤ የደኅንነት ፈተና የሚስባችሁ ካላችሁ በሶፍትዌር ደኅንነት ላይ የሚሠራው የኦዋስፕ የመለማመጃ ሱቅ «ጁስ ሾፕ» አያሰለችም። ኤፒአይን (ፕሮግራሞች እርስ በርስ የሚነጋገሩበትን መንገድ) ፖስትማን በተባለው መሣሪያ፣ ብዙ ተጠቃሚ በአንዴ ሲገባ የሚመጣውን ጫና ደግሞ በጄሜትር ሞክሩ። ክሮም ላይ ደግሞ ኔትወርኩን ሆን ብሎ ማዘግየትና ማቋረጥ ይቻላል፤ የክፍያ ገጽ በእጃችሁ ከገባ መጀመሪያ የምትሠሩት ይህን ይሁን።

ባግ (የሶፍትዌር ስህተት) ስታገኙ «ክፍያ አይሠራም» ብላችሁ አትላኩ። «ኔትወርክ ተቋርጦ ሲመለስ ‹ክፈል›ን ደግሜ ስጫን ሁለት ጊዜ ተቆረጠ፤ መቆረጥ የነበረበት አንድ ጊዜ ነው» በሉና የስልኩን ዓይነት፣ የመተግበሪያውን ቨርዥንና የስክሪኑን ፎቶ ጨምሩ። ዴቨሎፐሩ (ኮዱን የጻፈው) «እኔ ጋ ይሠራል» ካላችሁ ክርክር አትግጠሙ፤ ስልኩን ይዛችሁ አጠገቡ ተቀመጡና አብራችሁ ድገሙት።