አባቴ አኦርታው አብጧል፤ እኔስ በደም ምርመራ ላውቀው እችላለሁ?

እህቴ፣ አባትሽ ሆዳቸው ውስጥ ያለው ዋናው የደም ቧንቧ፣ አኦርታ፣ አብጦ ኦፕራሲዮን መደረጋቸውን ጽፈሻል። አንቺ 61 ዓመትሽ ነው። ከወንድሞችሽ ጋር በደም ወይም በዲኤንኤ ምርመራ ቀድማችሁ ማወቅ ትችሉ እንደሆነ ጠየቅሽ። እኔም አልፌበታለሁና ልንገርሽ።

ታላቅ ወንድሜ እዚህ ሜሪላንድ ለኩላሊት ጠጠር አልትራሳውንድ ሲነሳ ነው እብጠቱ የታየው። የቧንቧው ስፋት 5.8 ሴንቲ ሜትር! ሕመም የለው፣ ምን የለው። ጤነኛ አኦርታ እዚያ ጋ 2 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ነው። 3 ከሞላ አብጧል ይባላል፤ ወንድ ላይ 5.5 ሲደርስ ኦፕራሲዮን ይታሰባል። ተሠራለት፣ ዳነ፣ እግዚአብሔር ይመስገን።

እኔ ግን ተረበሽኩና በራሴ ገንዘብ የደም ምርመራ አሠራሁ። ዲ-ዳይመር የሚባለው ከፍ ብሎ መጣ። ሦስት ሳምንት እንቅልፍ አጣሁ። ማታ ማታ እጄን ሆዴ ላይ አድርጌ ትርታዬን እቆጥር ነበር። ሐኪሜ በኋላ ሲያስረዳኝ፣ ዲ-ዳይመር የረጋ ደም ሲሟሟ የሚቀር የፕሮቲን ቁራጭ ነው። እብጠቱ ውስጥ ደም ስለሚረጋ፣ ሕመሙ ያለባቸው ሰዎች ላይ ከፍ ማለቱ እውነት ነው። ግን ኢንፌክሽንም ያስጨምረዋል፣ ዕድሜም ያስጨምረዋል። ሲአርፒ (ሰውነት ውስጥ ብግነት ሲኖር ደም ውስጥ ከፍ የሚል ፕሮቲን) እና ፋይብሪኖጅንም (ደም እንዲረጋ የሚረዳ ፕሮቲን) እንደዚሁ ናቸው። ለተመራማሪ ይጠቅማሉ እንጂ አንቺን «አለብሽ» ወይም «የለብሽም» አይሉሽም።

በዘር መሄዱን ግን አትናቂው። ስዊድን ውስጥ መንትዮች ላይ በተደረገ ጥናት፣ ለሕመሙ ተጋላጭ ከመሆን ውስጥ 70 በመቶ ያህሉ ከዘር እንደሚመጣ ተገምቷል። በ2023 የወጣ ትልቅ ጥናት ደግሞ ከሕመሙ ጋር የተያያዙ 121 የጂን ቦታዎችን ቆጥሯል፤ ብዙዎቹ ከኮሌስትሮል ጋር የተያያዙ ናቸው። እያንዳንዱ የሚጨምረው ግን ጥቂት ነው። ስለዚህ በምራቅ የሚሠራው የዲኤንኤ ኪት መልስ አይሰጥሽም። ቤተሰባችሁ ውስጥ ገና በወጣትነቱ አኦርታው የተቀደደ ሰው ካለ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው። ማርፋንን የመሰሉ በአንድ ጂን የሚመጡ ሕመሞች ስላሉ፣ ያኔ የጂን ሐኪም ጠይቂ።

መልሱ አልትራሳውንድ ነው። ከሌሊት ጀምሮ ምግብ ሳልቀምስ ሄድኩ። ቀዝቃዛ ጄል ሆዴ ላይ ቀቡኝ፣ አሥር ደቂቃ አልሞላም፤ ስክሪኑ ላይ 1.9 የሚል ቁጥር አየሁ። ያን ቀን ተኛሁ።

አሜሪካ ውስጥ አንድ ጊዜ ይታዩ ተብሎ በግልጽ የሚመከረው አጭሰው ለሚያውቁ ከ65 እስከ 75 ዓመት ላሉ ወንዶች ነው። አንቺ ሴት ስለሆንሽ ማንም ላያነሳልሽ ይችላል። ራስሽ «አባቴ አለበት» በያቸው። የአባትሽን ሪፖርት ኮፒ፣ ልኬቱ የተጻፈበትን፣ ይዘሽ ግቢ። ከወንድሞችሽ የሚያጨስ ካለ ደግሞ ዛሬውኑ ደውይለት፤ እብጠቱን የሚያመጣውም የሚያሳድገውም በዋናነት ሲጋራ ነው።