«ድጎማ ነው» ያልኩበት ቀን

ባለፈው ሳምንት ፖስታ ቤት አካባቢ ማኪያቶ ይዤ ተቀምጬ የጎረቤቴ ልጅ መጣ። ትኬት ይቆርጣል። ቢሮ የለውም፤ ቢሮው ስልኩ ነው። ሰላምታውን እንኳ ሳይጨርስ «ጋሼ፣ እነዚህ የባሕረ ሰላጤ አየር መንገዶች፣ እነ ኤምሬትስ፣ መንግሥት እየደጎማቸው እኮ ነው። እንጂ ነባሮቹን በምን ይበልጧቸው ነበር?» አለኝ።

ማኪያቶው ጉሮሮዬ ላይ ቀረ። ይህችን ንግግር አውቃታለሁ። የኔ ነበረች።

በ2001 ዓ.ም. ገደማ እዚሁ አዳማ ትንሽ የትኬት ቢሮ ነበረችኝ። አንድ ቀን አንዲት በርበሬ ነጋዴ እናት መጡ። ልጃቸው ቶሮንቶ ወልዳለች፤ ሊያርሷት ነው የሚሄዱት። ከመሀረባቸው ውስጥ የታጠፈ ወረቀት ፈተው አወጡ። ሌላ ቢሮ የጻፈላቸው ዋጋ ነው፣ በባሕረ ሰላጤ በኩል። ርካሽ ነው። የሚፈቀደው ኪሎም ይበልጣል። «ልጄ፣ ይሄ ይሻላል ወይስ ያንተ?» አሉኝ።

ሳቅኩ። ግድግዳዬ ላይ የዓለም ካርታ ነበር፤ ተነስቼ በጣቴ አሳየኋቸው። «እማማ፣ ካናዳ ያለችው በዚህ በኩል ነው። እነሱ መጀመሪያ ወደዚያ ወስደው ነው የሚመልሱዎት። ሰው ሞጆ ለመሄድ መተሐራ ይወርዳል? ደግሞ ይሄ ሁሉ የነዳጅ ብር ነው፣ ድጎማ ነው። ገንዘቡ ሲያልቅ ይዘጋሉ። የኔው የአውሮፓ አየር መንገድ ግን እርስዎ ሳይወለዱ የነበረ ነው።»

ከአውሮፓው የማገኘው ኮሚሽን እንደሚሻል አልነገርኳቸውም።

እሺ አሉ። ቦሌ ሲደርሱ ኪሎ ተረፈ ተብለው 11 ኪሎ በርበሬና ሽሮ በወንድ ልጃቸው እጅ ተመለሰ። አውሮፕላኑ ዘግይቶ ተነሳ። አውሮፓ ሲደርሱ ቀጣዩ በረራ አምልጧቸዋል። የአውሮፓ ቪዛ ስለሌላቸው ወጥተው ሆቴል ማደር አይችሉም። ሌሊቱን ወንበር ላይ አነጉት። ወቅቱ ጾም ነበር፤ የተሰጣቸው ሳንድዊች አይብ አለበት። ውሃ ጠጥተው አደሩ። ልጅየዋ አራስ ቤት ሆና፣ እናቷ የት እንደገቡ ሳታውቅ ስታለቅስ ነጋ። ይህን ሁሉ የነገረኝ ወንድ ልጃቸው ነው። እሳቸው አንድም ቃል አልተነፈሱም።

በአራተኛው ወር ተመልሰው ቢሮዬ መጡ። ሊወቅሱኝ ነው ብዬ የአየር መንገዱን ደንብ በቃሌ ይዣለሁ። ከረባት አምጥተውልኛል! ጉዞው እንዴት ነበር ስላቸው፣ «ሰማዩ የማንም ይሁን ልጄ፣ እኔ ምን አገባኝ። ወንበሩ ግን ጠንካራ ነበር» አሉ። ሻይ ጠጥተው ሄዱ። ከዚያ በኋላ ቢሮዬ አልመጡም። በሌላ ዓመት ገበያ መሀል አገኘኋቸው፤ በያዙት ቦርሳ እጀታ ላይ የዚያኛው የባሕረ ሰላጤ አየር መንገድ የሻንጣ ወረቀት እንደተለጠፈ ነው። ሳሙኝ። ወረቀቱን አየሁ። ማየቴንም አዩ።

አባቴ እዚህ አዳማ የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበር። የጭነት መኪና በፍራንኮ ሰፈር በኩል ባለፈ ቁጥር ይነጫነጭ ነበር። «እኛ ሐዲዳችንን በራሳችን ገንዘብ እንጠግናለን፤ ለነሱ መንገዱን መንግሥት ያነጥፍላቸዋል» ይላል። እውነቱን ነበር። ባቡሩ ግን ቆመ። ነጋዴው ዕቃው ቶሎ ወደሚደርስበት ሄደ። እኔ ይህን እያየሁ አድጌ፣ ካርታ ፊት ቆሜ የአባቴን ንግግር ደገምኩት።

ድጎማ የሚባል የለም እያልኩ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2015 የአሜሪካዎቹ አየር መንገዶች ዴልታ፣ ዩናይትድና አሜሪካን፣ ሦስቱ የባሕረ ሰላጤ አየር መንገዶች (ኤምሬትስ፣ ኢትሃድና ኳታር) ከመንግሥታቸው ከ40 ቢሊዮን ዶላር በላይ ድጎማ አግኝተዋል ብለው ከስሰዋል። እነ ኤምሬትስ አስተባብለዋል። እኔን ከጠየቃችሁኝ ክሱን ዛሬም በከፊል አምናለሁ። ያናድደኛልም። ካናዳም ብትሆን ገበያዬን ይወስዱብኛል ብላ ለኤምሬትስና ለኢትሃድ ለእያንዳንዳቸው በሳምንት ከ3 በላይ በረራ አልፈቀደችም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2010 ነገሩ ከርሮ የተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች መንግሥት የካናዳን ጦር ከዱባይ አጠገብ ከነበረው ሰፈሩ አስወጣው። በወንበርና በኪሎ የተጀመረ ነገር የት እንደደረሰ ተመልከቱ።

ግን ኤምሬትስ እንዴት እንደተወለደ ታውቃላችሁ? ነባሩ የባሕረ ሰላጤ አየር መንገድ ጋልፍ ኤር ወደ ዱባይ የሚያደርገውን በረራ ቀነሰ። ዱባዮች ተናደው እ.ኤ.አ. በ1985 ከፓኪስታን በተከራዩት ሁለት አውሮፕላን ጀመሩ። ነባሩ የተወውን መንገደኛ ነው መጀመሪያ ያነሱት። እኔ ደግሞ ቢሮዬ ድረስ የመጡልኝን መንገደኛ በራሴ ጣት ወደነሱ ገፋሁ።

«የኛውስ?» ትሉኝ ይሆናል። የኛው የኢትዮጵያ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. በ1946 ወደ ካይሮ በሮ የጀመረ፣ ነባር ነው። በላዬ ሲበር ስሰማ ዛሬም ቀና እላለሁ። የሚሠራው ግን እንደነሱ ነው፤ ሰውን ከአንዱ አገር አንስቶ በቦሌ አሳልፎ ሌላ አገር ያደርሳል። ናይጄሪያ አየር የሚባለውን ድርጅት 49 በመቶ እንዲይዝ ሲመረጥ፣ የናይጄሪያ አየር መንገዶች ሊውጠን ነው ብለው ፍርድ ቤት ሄዱ። እኛ አዳማ ቁጭ ብለን ስንኮራ፣ ሌጎስ ያለው ትኬት ቆራጭ ስለኛ ምን ይል እንደነበር መገመት አይከብደኝም። ድጎማ ነው ይላል።

ሰዓት አክብሩ፣ አትዋሹ አልላችሁም፤ እናቶቻችሁ ነግረዋችኋል። አንድ ነገር ግን ያበሽቀኛል። የዛሬ ልጆች ደንበኛ ፊታችሁ ቆሞ ስልክ ታያላችሁ። ልጁ ሲያወራኝ እንኳ ሁለት ጊዜ ስልኩን አየ። ኋላ ሳስበው ግን፣ ያ ስልክ የሁሉንም ዋጋ፣ ኪሎና የትራንዚት ሰዓት ጎን ለጎን ያወጣል። እኔ በእጄ እሱ ቢኖር ኖሮ እማማ አይታለሉም ነበር። ወይም እኔው ስልኩን ገልብጬ አስቀምጥ ነበር፤ ኮሚሽን ክፉ ነው።

ለልጁ ያኔ መልስ አልሰጠሁትም። «ደንበኞችህ የት አድረው ነው የሚሄዱት?» ብዬ ብቻ ጠየቅኩት። አላወቀም።

ቢሮዬን ስዘጋ ጠረጴዛውን ሸጥኩ፤ የደንበኛውን ወንበር ቤት ወሰድኩት። 14 ዓመት ሙሉ አንድ ቀን እንኳ ተቀምጬበት አላውቅም ነበር። አሁን በረንዳዬ ላይ ነው። የአዳማ ነፋስ ሲነሳ ማታ ማታ እቀመጥበታለሁ። ከግማሽ ሰዓት በላይ አያስቀምጥም።