ስዊድናዊቷ የፊልም ተዋናይት ኢንግሪድ በርግማን፦ ስለ ሥራዋና ስለ ፍቅሯ የተነሡ ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

(ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ጥያቄ፦ ሆሊውድ ስትገባ መልኳን ቀይረውታል የሚባለው እውነት ነው?

አይደለም፤ ሊቀይሩት ፈልገው እንቢ አለች እንጂ። ፕሮዲዩሰሩ ዴቪድ ሴልዝኒክ በ1936 ስዊድን ውስጥ የሠራችውን «ኢንተርሜዞ»ን በእንግሊዝኛ ደግሞ ለመሥራት በ1939 አስመጣት። እንደመጣች ጀርመንኛ የሚመስለው ስሟ እንዲለወጥ፣ ቅንድቧን እንድትቀነደብ፣ ጥርሷም እንዲስተካከል ጠየቃት። እንዲህ ከሆነማ አገሬ እመለሳለሁ አለችው። እሱም ነገሩን ገልብጦ «ያልተነካካች የተፈጥሮ ውበት» እያለ አስተዋወቃት። ይህን ልብ በሉ፤ ኋላ ለመጣባት መከራ መነሻው ይኸው ስም ነው። በ1945 መነኩሲት፣ በ1948 ደግሞ ፈረንሳዊቷን ቅድስት ዣን ዳርክን ሆና ስትሠራ ሕዝቡ እሷንም እንደ ቅድስት ያያት ጀመር።

ጥያቄ፦ «ካዛብላንካ» ፊልም ላይ ከተዋናዩ ከሃምፍሪ ቦጋርት ጋር በእውነት ተዋደው ነበር?

አልነበረም። ከቀረጻ ውጭ እምብዛም አይነጋገሩም ነበር። የምናየው ፍቅር የሥራ ውጤት ነው። የካሜራ ባለሙያው አርተር ኤዲሰን አብዛኛውን ጊዜ በግራ ጎኗ እያነሣ ምስሉን በስስ ማጣሪያ ያለሰልሰዋል፤ ዓይኗ እንባ ያቀረረ እንዲመስል ደግሞ ትንንሽ መብራት ይጨምርበታል። በቁመት ትንሽ ስለምትበልጠው ቦጋርት ጫማው ውስጥ ከፍታ ይደረግለት ነበር። ትልቁ ነገር ግን ጽሑፉ አለማለቁ ነው። በታሪኩ ካሉት ሁለት ወንዶች የትኛውን ነው የምወደው ብላ ዳይሬክተሩን ማይክል ከርቲዝን ስትጠይቀው መሀል ሆነሽ ሥሪው አላት። ፊቷ ላይ የሚነበበው መዋለል ከዚያ የመጣ ነው።

ጥያቄ፦ «ኖቶሪየስ» ፊልም ላይ ያለው ረጅም መሳሳም በዚያ ዘመን ሳንሱር እንዴት አለፈ?

ያኔ ከ3 ሴኮንድ የበለጠ መሳሳም አያልፍም ነበር። የፊልሙ ዳይሬክተር ሂችኮክ በ1946 መውጫ ቀዳዳ አገኘ፤ ኢንግሪድና ተዋናዩ ኬሪ ግራንት ሳም ያደርጉና ያቆማሉ፣ ስለ እራቱ ዶሮ ያወራሉ፣ ደግሞ ይሳሳማሉ። ሳይላቀቁ ከበረንዳው ወደ ስልኩ፣ ከስልኩ ወደ በሩ ይሄዳሉ። እያንዳንዱ መሳሳም አጭር ነው፤ ትዕይንቱ ግን 2 ደቂቃ ተኩል ያህል ይቆያል።

ጥያቄ፦ ከሁለተኛ ባሏ ከሮሴሊኒ በፊት ትዳሯ እንዴት ነበር?

በ1937 ፔተር ሊንድስትሮምን አገባች። ያኔ የጥርስ ሐኪም ነበር፤ አሜሪካ ከሄዱ በኋላ የአንጎል ቀዶ ሕክምና ባለሙያ ሆኗል። ልጃቸው ፒያ በ1938 ተወለደች። ትዳሩ ግን ቀዝቅዞ ነበር። በ1945 ፓሪስ ላይ ከጦር ሜዳ ፎቶ አንሺው ሮበርት ካፓ ጋር ፍቅር ይዟት ነበር፤ እሱ ለትዳር የሚሆን ሰው ስላልነበረ ተለያዩ።

ጥያቄ፦ የሮሴሊኒን ጉዳይ በቅደም ተከተል ልትነግሩን ትችላላችሁ?

የጣሊያናዊውን ዳይሬክተር የሮቤርቶ ሮሴሊኒን ፊልሞች አይታ በ1948 አጭር ደብዳቤ ጻፈችለት። እንግሊዝኛ ጥሩ የምትናገር፣ ጀርመንኛ ያልረሳች፣ ከጣሊያንኛ «እወድሃለሁ» የሚለውን ብቻ የምታውቅ ስዊድናዊት ተዋናይት ካስፈለገህ መጥቼ አብሬህ እሠራለሁ የሚል ነበር። በ1949 በእሳተ ገሞራዋ ደሴት «ስትሮምቦሊ»ን ሊሠሩ ሄዱ፤ እዚያም እፍ ክንፍ አሉ፣ አረገዘች።

ልጁ ሮቤርቲኖ ፌብሩዋሪ 2 ቀን 1950 ሮም ተወለደ። እዚህ ላይ የሕግ ጣጣ ነበረ። በሕግ ገና የሊንድስትሮም ሚስት ስለነበረች እናትነቷ ከተጻፈ ልጁ የሊንድስትሮም ተብሎ ሊቆጠር ነው። ስለዚህ ሮሴሊኒ የእናቱን ስም ሳያስገልጽ በራሱ ስም አስመዘገበው። ከዚያ ሜክሲኮ ውስጥ ፍቺ ተገኘ፤ ሜይ 24 ላይ እዚያው ሜክሲኮ በውክልና ተጋቡ። ሙሽሮቹ ግን ሮም ናቸው። መንትዮቹ ኢዛቤላና ኢዞታ በ1952 ተወለዱ።

አሜሪካ ውስጥ ግን ጉድ ተባለ። የኮሎራዶው ሴናተር ኤድዊን ጆንሰን ማርች 14 ቀን 1950 ሴኔት ውስጥ ቆሞ አወገዛት። ከሁሉ የጎዳት ግን የሴናተሩ ንግግር አይደለም፤ ፒያ ከአባቷ ጋር መቅረቷ ነው። ለዓመታት ልጇን ሳታይ ኖራለች።

ጥያቄ፦ አብረው የሠሯቸው ፊልሞች የከሰሩት በቅሌቱ ምክንያት ነው?

በከፊል ብቻ። ዋናው ችግር የአሠራር አለመጣጣም ነው። እሷ ቃለ ተውኔቷን አጥንታ የምትመጣ ናት፤ እሱ ያለቀ ጽሑፍ አይወድም፣ የሚያሠራውም ተራ ዓሣ አጥማጆችን ነው። የእግራቸው ጣት ላይ ክር አስሮ የመናገሪያ ተራቸው ሲደርስ ይጎትተዋል፤ እሷ ግን መቼ ቀና ብላ መመለስ እንዳለባት የሚነግራት ክር የላትም። በዚያ ላይ የአሜሪካው አከፋፋይ «ስትሮምቦሊ»ን ቆራርጦ አሳየው። ሮሴሊኒ ከሌሎች ዳይሬክተሮች ጋር እንድትሠራም አይፈልግም ነበር። እንዲያም ሆኖ በ1954 የወጣው «ጉዞ ወደ ጣሊያን» ከሥራዎቿ ሁሉ እጅግ ዘመናዊው ይመስለኛል።

ጥያቄ፦ ታዲያ እንዴት ተመለሰች?

በ1956 በ«አናስታሲያ»፤ ኦስካሩን በ1957 ኬሪ ግራንት ተቀበለላት። በዚያው ዓመት ሮሴሊኒ ህንድ ውስጥ ከሶናሊ ዳስጉፕታ ጋር መሆኑ ተሰማ፤ ተለያዩ። በ1958 ስዊድናዊውን የቲያትር ፕሮዲዩሰር ላርስ ሽሚትን አገባች። እሱንም በ1975 ብትፈታው ወዳጅነታቸው አልተቋረጠም። በ1972 ሴናተር ቻርልስ ፐርሲ ለቀድሞው ውግዘት የይቅርታ ቃል በኮንግረሱ መዝገብ ላይ አስፍሯል።

ጥያቄ፦ ከስዊድናዊው የፊልም ዳይሬክተር ከኢንግማር በርግማን ጋር ዝምድና አላቸው?

የላቸውም፤ የስም መመሳሰል ነው።

ጥያቄ፦ የመጨረሻ ሥራዋ የትኛው ነው?

በ1982 ለቴሌቪዥን የቀድሞዋን የእስራኤል ጠቅላይ ሚኒስትር ጎልዳ ሜየርን ሆና የሠራችው፤ እስራኤል ውስጥ የተቀረጸ ነው። በጡት ካንሰር ምክንያት ቀኝ ክንዷ ክፉኛ አብጦ ነበር። እብጠቱ እንዲቀንስ ሌሊቱን ክንዷን ከፍ አድርጋ አስራ ታድርና ጠዋት ካሜራ ፊት ትቀርባለች። ኦገስት 29 ቀን 1982 ለንደን ውስጥ አረፈች፤ 67 ዓመት የሞላችበት ቀን ነበር። ለዚህ ሥራዋ የተሰጣትን የኤሚ የቴሌቪዥን ሽልማት ልጇ ፒያ ተቀበለችላት።

ጥያቄ፦ ለጀማሪ የትኞቹን ትመክራላችሁ?

መጀመሪያ «ኖቶሪየስ»፣ ቀጥሎ «ጋዝላይት»። «ጋዝላይት» ሁለት ስላለ የ1944ቱን ፈልጉ፤ የ1940ው የእንግሊዝ ፊልም እሷ የለችበትም። «ስትሮምቦሊ»ን ስታወርዱ ርዝመቱን እዩ፤ 81 ደቂቃ ከሆነ የተቆረጠው ነው፣ 107 ደቂቃ የሚሆነውን ያዙ። «ጉዞ ወደ ጣሊያን»ን ደግሞ በእንግሊዝኛ ድምፁ እዩት፤ በጣሊያንኛው ላይ የምትሰሙት ድምፅ የእሷ አይደለም።