የአሜሪካ አብዮት ወታደሮች ውዝፍ ደመወዝ ለማን ተከፈለ?

ጥያቄ፦ የተከበራችሁ የመጽሔቱ አዘጋጆች፣ የአሜሪካ የነጻነት ጦርነት ሲያበቃ ወታደሮቹ ደመወዛቸው ሳይከፈላቸው እንደተሰናበቱ አንብቤአለሁ። መንግሥት ይህን ዕዳ በመጨረሻ ከፈለ ወይ? ከከፈለስ ገንዘቡ ለተዋጉት ሰዎች ደረሰ?
አንባቢያችሁ፣ ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ

መልስ፦ ዕዳው ተከፍሏል፤ ነገር ግን ከገንዘቡ አብዛኛው የደረሰው ለተዋጉት ሰዎች አይደለም። (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የተራ ወታደር ደመወዝ በወር 6 ዶላር ከሁለት ሦስተኛ ነበር። የክፍላተ ሀገሩ የጋራ ምክር ቤት የነበረው ኮንግረስ በዚያን ጊዜ ግብር የመጣል ሥልጣን ስላልነበረው ጦርነቱን ያካሄደው በአብዛኛው ራሱ ባሳተመው የወረቀት ገንዘብ ሲሆን፣ የዚህም ዋጋ እየወረደ ሄዶ በማርች 1780 ኮንግረስ 40ውን የወረቀት ዶላር በ1 የብር ዶላር ለመቁጠር ተገደደ። በመሆኑም ደመወዙ በወቅቱ የደረሰው ወታደር ሳይቀር የተቀበለው የድካሙን ዋጋ አልነበረም። በጁን 1783 ጦሩ ሲሰናበት የሦስት ወር ደመወዝ የሚሆን የተስፋ ወረቀት እንዲሰጠው ቢታዘዝም፣ ብዙዎቹ ወረቀቱ ሳይደርስ ባዶ እጃቸውን ወደየመንደራቸው ተመልሰዋል።

ሒሳቡን የመዝጋቱ ሥራ በጁላይ 1783 ለጦሩ ዋና ደመወዝ ከፋይ ለጆን ፒርስ ተሰጠ። ፒርስና ረዳቶቹ የእያንዳንዱን ሰው የአገልግሎት ዘመንና ቀደም ሲል የተቀበለውን ሁሉ አመሳክረው፣ የቀረውን ውዝፍ በ6 በመቶ ወለድ የሚገልጽ ሰርተፊኬት ይሰጡ ነበር፤ ጠቅላላ ድምሩም ወደ 11 ሚሊዮን ዶላር ደርሷል። በሰርተፊኬቱ ላይ ገንዘቡ ለባለመብቱ «ወይም ለአምጪው» እንደሚከፈል ተጽፎ ስለነበር፣ ወረቀቱን የያዘ ማንኛውም ሰው መብቱን ይዟል ማለት ነው። ዕዳ የተጫነው፣ ግብር የሚጠየቅና ቤተሰቡን የሚያበላው ያጣ ወታደርም፣ መንግሥት መቼ እንደሚከፍል ሳያውቅ፣ ብዙ ጊዜ ከተጻፈው ገንዘብ አንድ አምስተኛ በማይሞላ ዋጋ ለነጋዴ ሸጠው።

በ1790 የግምጃ ቤት ሚኒስትሩ አሌክሳንደር ሃሚልተን አዲሱ መንግሥት ዕዳውን ያለ ልዩነት ለወቅቱ ያዦች እንዲከፍል ሐሳብ ሲያቀርብ፣ የተወካዮች ምክር ቤት አባል የነበረው ጄምስ ማዲሰን ተቃወመ። እርሱ የጠየቀው ገዢዎቹ ወረቀቱ በገበያ ያወጣውን ከፍተኛ ዋጋ አግኝተው፣ ቀሪው ለመጀመሪያዎቹ ባለመብቶች እንዲመለስ ነበር። የተወካዮች ምክር ቤት ሐሳቡን 36 ለ13 በሆነ ድምፅ ጣለው። የሃሚልተን ክርክር ክብደት አለው፤ ገዢው ኪሳራውን ራሱ ተሸክሞ የገዛ ነው፣ መንግሥትም ውሉን ከካደ ነገ የሚያበድረው አያገኝም። የመጀመሪያዎቹን ባለቤቶች ማግኘት አይቻልም የሚለው ምክንያት ግን ለእኛ አሳማኝ አይደለም፤ ሰርተፊኬቶቹ ለማን እንደተሰጡ በስም የሚዘረዝር መዝገብ ፒርስ ትቶ ነበርና። ለደም ዋጋ የተሰጠ ወረቀት እንደ ማንኛውም ሸቀጥ ለአምጪው እንዲከፈል መደረጉ ራሱ በደል ነበር፤ ይህም የተፈጸመው በ1783 እንጂ በ1790 አይደለም።

ለወታደሮቹ ለራሳቸው የሚበጅ ነገር የመጣው ከ35 ዓመት በኋላ ነው። የ1818ቱ የጡረታ ሕግ በመደበኛው ጦር ቢያንስ 9 ወር ላገለገለና ለተቸገረ ተራ ወታደር በወር 8 ዶላር ፈቀደ። አመልካቹ ስለበዛ በ1820 የወጣው ሕግ ሽማግሌዎቹ ከልብሳቸውና ከመኝታቸው በቀር ያላቸውን ንብረት ሁሉ በፍርድ ቤት በመሐላ እንዲያስመዘግቡ አስገደደ፤ ላሟ፣ ድስቱ፣ መጥረቢያው፣ የተሰበረው ወንበር ሳይቀር ከነግምቱ ተጻፈ። አገር ነጻ ያወጣ ሰው ድህነቱን በችሎት እንዲያስመሰክር መደረጉ እጅግ ያሳዝናል። የድህነት ማረጋገጫውን የማይጠይቀውና ሚሊሻዎችንም የጨመረው ሰፊው ሕግ የወጣው በ1832 ሲሆን፣ በዚያን ጊዜ ከተዋጊዎቹ አብዛኞቹ በሕይወት አልነበሩም።

የጦር ሚኒስቴሩ መዛግብት በኖቬምበር 1800 በደረሰ ቃጠሎ ስለጠፉ፣ አመልካቾቹ በየትኛው አዛዥ ሥር፣ የት የት እንደተዋጉ በቃላቸው አስረድተዋል። የጡረታ ማመልከቻዎቹ ዋሽንግተን በሚገኘው ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ተጠብቀው ይገኛሉ፤ እርስዎም ካሉበት ከተማ ቅርብ ስለሆነ፣ ጊዜ ሲያገኙ የቃል ምስክርነቶቹን እንዲያነቡ እንመክራለን።