በስልክ የደረሰ መርዶ

ውድ ጠያቂያችን፣ ከጅማ የላኩልንን ደብዳቤ በጥሞና አንብቤዋለሁ። ለሥልጠና ቻይና ሳሉ እናትዎ በድንገት እንዳረፉ፣ ታላቅ እህትዎ ይህን እንደደበቁዎት፣ በሦስተኛው ቀን አንድ የሰፈር ልጅ በፌስቡክ ከለጠፈው ፎቶግራፍ ሥር «ነፍስ ይማር» የሚለውን አንብበው እንደተረዱ፣ ከተመለሱም ወዲህ አራት ወር ሙሉ እህትዎን እንዳላነጋገሩ ገልጸዋል። እግዚአብሔር ያጽናዎት።

በአገራችን መርዶ የሚነገረው አብዛኛውን ጊዜ ማለዳ፣ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ሰው ራሱን ሲጥል የሚይዘው ባለበት ነው፤ ለመንገደኛም ቤቱ እስኪገባ ይደበቅለታል። ልማዱ ሰውን ከሐዘኑ ጋር ብቻውን ላለመተው የታሰበ ስለሆነ እኔ አከብረዋለሁ። ዛሬ ግን ስልክ ከሽማግሌዎች ቀድሞ ስለሚደርስ፣ እህትዎ ሊያድኑዎት ያሰቡበት ነገር፣ በሰው አገር ብቻዎን መስማት፣ ደረሰብዎ። መቆጣትዎ ተገቢ ነው፤ እህትዎም ያሰቡት ለእርስዎ ነው።

ከደብዳቤዎ ልቤን የነካው ግን ሌላ ነው። የቀብሩ ዕለት ማታ ደውለው ስለ እናትዎ ሲጠይቁ፣ እህትዎ «ተኝታለች» ብለው መለሱልዎ። ድንኳን ተተክሎ፣ ለቅሶኛ ግቢውን ሞልቶ፣ ድምፅን አስተካክሎ ይህን መመለስ ምን ያህል እንደሚከብድ እስቲ ያስቡት። እርስዎም አፈር ሳያለብሱ ቀርተው፣ አርባቸው ሲወጣ እንደ እንግዳ ተቀምጠዋል፤ ጠዋት ጠዋት የቡና ሙቀጫቸውን ድምፅ የሚጠብቁት፣ ሞታቸውን በጆሮዎ እንጂ በዓይንዎ ስላልተቀበሉ ይመስለኛል።

ስለዚህ አክስትዎን ይዘው እህትዎ ቤት ይሂዱ። «ለምን ደበቅሽኝ?» የሚለውን ለጊዜው አቆይተው፣ «የእማዬን የመጨረሻ ቀን ከመጀመሪያው ንገሪኝ» ይበሏቸው፦ ማን አጠገባቸው ነበር፣ ምን አሉ፣ ማን ገነዛቸው፣ ማን ተሸከማቸው። ሳያቋርጡ ያዳምጡ፤ ልቅሶ ከመጣም ይምጣ። የሆቴል ክፍልዎን ሌሊት ደግሞ እርስዎ ይንገሯቸው፤ እስከ ዛሬ የሰሙት ዝምታዎን ብቻ ነው። ቁጣውም በዚያ መሐል የራሱን ቦታ ያገኛል።

የዓለም ጤና ድርጅት ሐዘንን በሕክምና የሚታይ የሚለው ቢያንስ ከ6 ወር በላይ ዘልቆ ኑሮን ሲያውክ ነው፤ እርስዎ ገና እዚያ አልደረሱም። እንቅልፍና ሥራ ከከለከልዎ ግን ያን ሳይጠብቁ በጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል የአእምሮ ሕክምና ክፍል ይታዩ።

የእናትዎ መንፈቅ ወር ገደማ ቀርቶታል። ዝግጅቱን ከእህትዎ ጋር አብረው ይያዙት፤ ካህናቱን የሚጠሩትም እርስዎ ይሁኑ።