ለገና የእጅ ጌም? መጀመሪያ ቻርጀሩን ገልብጪና እዪው

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሳነብ መጀመሪያ ሳቄ መጣ፣ ቀጥሎ አንጀቴ ቅጥል አለ። የ8 ዓመት ወንድና የ5 ዓመት ሴት ልጅ አሉሽ። ወንድምሽ ለገና ከዱባይ ሲመጣ ኒንቴንዶ ስዊች ላይት የሚባለውን የእጅ ጌም ላምጣላቸው ብሏል። አንቺ ደግሞ "ልፍቀድ ወይስ ይቅርባቸው?" ትያለሽ። ከሁለት ዓመት በፊት የእኔም ቤት ልክ እንዲሁ ነበር፣ ዕድሜያቸው ሳይቀር። እዚሁ ጅማ።

አጭሩ መልስ፦ ለ8 ዓመቱ ይምጣለት፣ ለ5 ዓመቷ ይቆይ። ረጅሙን ጊዜ ካለሽ አንብቢው። እኔ ከፍዬበታለሁ፣ አንቺ በነጻ ውሰጂው።

1. በፖስታ እንዳይላክ። ወንድምሽ ራሱ በእጁ ይዞት ይምጣ። "ቀድሜ ልላከው" ካለሽ እምቢ በዪ። የእኔን አሜሪካ ያለችው እህቴ ጥቅምት ላይ ላከችው። ኒንቴንዶ ቱዲኤስ ነበር፣ ከስዊች በፊት የወጣ የእጅ ጌም፣ ሰው ተጫውቶበት የሸጠው። ዋጋው ረከስ ስላለ ነው የመረጠችው፣ አልፈርድባትም። ኅዳር ላይ ተደወለልኝና አዲስ አበባ መጥተህ ውሰድ ተባልኩ። 350 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ለአንድ መጫወቻ!

የመሥሪያ ቤቱን ስም አልጠራም። መስኮቱ ጋ ያለችው ልጅ ቀና ብላ እንኳ ሳታየኝ "ደረሰኝ" አለችኝ። ያገለገለ ነው፣ ስጦታ ነው አልኳት። "ስጦታም ደረሰኝ አለው" አለች። ከሰዓት ስመለስ ሲስተም የለም። በማግሥቱ ሲስተሙ መጣ፣ የሚፈርመው ሰውዬ ጠፋ። በመጨረሻ የተገኘው ገማች ዕቃውን እንደ አዲስ ገመተው። ስክሪኑ ላይ ያለውን ጭረት በጣቴ እያሳየሁ "ይኼ አዲስ ነው?" ብለው፣ "እኛ ጭረት አንገምትም" አለኝ። ይኼን ንግግር እስካሁን ለሰው ስነግር ደሜ ይፈላል። ሁለት ሌሊት አልጋ፣ የአውቶቡስ ደርሶ መልስ፣ ቀረጡ፣ ሁሉም ሲደመር እህቴ ከገዛችበት ዋጋ በለጠ።

2. ቻርጀሩን ገልብጪና እዪ። እኔን ያቃጠለኝ ይኼ ነው፤ መጀመሪያ ግን የተቃጠለው እሱ ራሱ ነው።

የገና ዕለት ጠዋት። ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰናል፣ ዶሮው ተበልቷል፣ ባለቤቴ ቡና እየቆላች ነው። ልጄ ካርቶኑን ቀዶ ጌሙን አወጣ። የቻርጀሩ እግር ጠፍጣፋ ስለሆነ በመቀየሪያ ሶኬቱ ላይ ሰካንለት። ትንሽ ብርቱካናማ መብራት በራች። ተጨበጨበ። ጥቂት ቆይታ ድርግም አለች። ልጄ "አባዬ፣ መብራት ሄደ" አለኝ። ቀና ብዬ አምፖሉን አየሁት፣ ቦግ ብሎ በርቷል። የሆነ ነገር ይሸታል፤ ግን ቡና እየተቆላ ማን ይለያል? ባለቤቴ "አረረብኝ መሰለኝ" ብላ ምጣዱን ከምድጃው አወረደች። ቡናው አላረረም።

ቻርጀሩን ስይዘው እጄን ፈጀኝ። ገልብጬ በስልኬ መብራት አነበብኩት። በደቃቅ ጽሑፍ 120 ቮልት ይላል። የእኛ ቤት 220 ነው። አሜሪካ የሚሸጠው የቱዲኤስ ቻርጀር ለዚያው አገር መብራት ብቻ የተሠራ ነው ለካ። እህቴም አታውቅ፣ እኔም አላውቅ። የስልክ ቻርጀር የትም አገር ስለሚሠራ ሁሉም እንደዚያ መስሎን። ደግሞ እኮ በሰፈሩ "መብራት ሲበላሽ እሱን ጥሩት" የምባል ሰው ነኝ።

በዓል ስለሆነ ሱቁ ሁሉ ዝግ ነው። ልጄ ከሰዓቱን ሙሉ የጠፋውን ስክሪን በእጅጌው ሲወለውል ዋለ። አላለቀሰም። ቢያለቅስ ይሻለኝ ነበር።

በማግሥቱ እዚሁ ጅማ ሂርማታ ሰፈር ወደሚሠራ አንድ ሞባይል ጠጋኝ ወሰድኩት። ተመስገን፣ ማሽኑ ደህና ነው፣ የሞተው ቻርጀሩ ብቻ ነው። የማሽኑ ቀዳዳ ግን የስልክ ቻርጀር አይቀበልም። ጠጋኙ የተቃጠለውን ቻርጀር ገመድ ቆርጦ ከስልክ ቻርጀር ገመድ ጋር በየደው። ሠራ! እስከ ዛሬም በጥቁር ፕላስተር እንደተጠቀለለ ይሠራል። ጅማ ውስጥ እንዲህ ያለ እጅ አለ፣ አዲስ አበባ ድረስ ሄጄ የሚሰድበኝ ስፈልግ ነው የከረምኩት። አንቺ ግን ይኼን እንዳትሞክሪ፣ የጨነቀው ሰው መላ ነው።

የአንቺ ነገር ይሻላል። የስዊች ኦሪጅናል ቻርጀር ከ100 እስከ 240 ቮልት ይቀበላል። የዱባይ ሶኬት ግን ባለ ሦስት ጠፍጣፋ እግር ነው፣ የእኛ ደግሞ ክብ ሁለት እግር። መቀየሪያ አብሮ ይግዛ። "ይኼኛው ይረክሳል" ብሎ ከመንገድ ዳር ቻርጀር እንዳያነሳ ደግሞ አደራ።

ጌሙ ራሱ ሌላ ጣጣ ነበር። ከማሽኑ ጋር የመጣው አንድ ካርድ (ጨዋታው ያለበት፣ ማሽኑ ላይ የሚሰካው) ብቻ ነው። ሌላ እንግዛ ስንል የቱዲኤስ የኢንተርኔት ሱቅ እ.ኤ.አ. መጋቢት 2023 ተዘግቷል። ከእህቴ ግዢ በፊት መሆኑ ነው። የባለቤቴ ወንድም ከአውሮፓ አንድ ካርድ ይዞ መጣ፤ አልከፍትም አለ። የአሜሪካ ማሽን የአውሮፓ ካርድ አይቀበልም። ስዊች ላይ እንዲህ ያለ የአገር አጥር የለም፣ በዚህስ ታድለሻል። ቢሆንም ወንድምሽ ካርዱን ራሱን ይግዛ፣ ከኢንተርኔት የሚወርድ እንዳይሆን። አንድ ጌም ስንት ጊጋ እንደሚበላ ካየሽ በኋላ የልጅሽን ትምህርት ቤት ክፍያ ታስቢያለሽ።

3. አንድ ማሽን ለሁለት ልጅ። እዚህ ላይ ወንድምሽ ላይት የሚለውን ነገር ይተው። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው ላይት ከቴሌቪዥን ጋር አይገናኝም፣ መጫወቻ እጀታዎቹም አይነቀሉም። ስለዚህ አንዱ ሲጫወት ሌላው ትከሻው ላይ ተንጠልጥሎ ያያል። በአውራ ጣት የሚገፋው መንቀሳቀሻ ከተበላሸ ደግሞ እጀታውን ብቻ ነጥለሽ አትቀይሪም፣ ማሽኑ በሙሉ ጠጋኝ ጋ ይሄዳል። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው ዋናው ስዊች ግን ሁለቱ እጀታዎች ይነቀላሉ። ቴሌቪዥን ላይ ሰክተሽ አንዱን ለእሱ፣ ትንሿ ስታድግ ደግሞ አንዱን ለእሷ ትሰጪያለሽ። ይወደዳል፣ አውቃለሁ። ጭቅጭቁ ግን በስንት ይገመታል?

ለ5 ዓመት ልጅ ጌም ገዛሽ ማለት ለራስሽ ሥራ ገዛሽ ማለት ነው። ልጄ ያኔ 5 ዓመቷ ነበር። እንግሊዝኛ አታነብም። በየደቂቃው "አባዬ፣ ምን ይላል?" ትለኛለች። የወንድሟን ጨዋታ ሁለቴ አጥፍታበት እሱ ጸጉሯን ያዘ፣ እሷ ክንዱን ነከሰች። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ ከ2 እስከ 4 ዓመት ያሉ ልጆች ቁጭ ብለው ስክሪን የሚያዩበት ጊዜ በቀን ከ1 ሰዓት አይለፍ ይላል። የአንቺዋ ገና ትናንት ነው ከዚያ ዕድሜ የወጣችው። ደግሞ የስዊች ካርድ በጣም ትንሽ ነው። ልጆች እንዳይውጡት አምራቹ መራራ ነገር ቀብቶበታል፤ አፋቸው እንደሚገባ አውቆ ነዋ! ለገና ቤትሽ ስንት ዳዴ የሚል ሕፃን እንደሚመጣ አስቢ።

ለትልቁ የሰዓት ገደብ አድርጊ። ስዊች በስልክሽ የምትቆጣጠሪበት አፕ አለው፣ ሰዓቱ ሲያልቅ ጌሙን እንዲያቋርጠው ማድረግ ይቻላል። እኔ ቱዲኤሱ ይኼ ስለሌለው ቁም ሳጥን ውስጥ ነው የምቆልፈው። ቅዳሜና እሑድ ብቻ ይወጣል። መጀመሪያ ሰሞን ኡኡታው ጎረቤት ይጠራ ነበር፣ አሁን ራሱ ሰዓቱን አይቶ ይመልሳል።

ትንሿን ግን ባዶ እጇን አላስቀረኋትም። ቻርጀሩ የተቃጠለ ዕለት ቤቱ ሲጨልምብኝ ጓሮ ወጥቼ ጫፋቸው ቆልመም ያለ ሁለት እንጨት ቆረጥኩ። ከአሮጌ ጨርቅ ኳስ ጠቀለልኩ፣ ሩር መሆኑ ነው። ደጅ ላይ ገና ጀመርን። የጎረቤታችን የሐጂ ልጆችም እንጨት ፈልገው መጡ፣ ዘጠኝ ሆንን። የእኔዋ እንጨቷን በሁለት እጇ ይዛ ቁርጭምጭሚቴን አገኘችው። "በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ" ተብሏልና ዋጥ አደረግኩት። ለሳምንት አነከስኩ። እንጨቷ አሁንም በሩ ጀርባ አለች፣ ማንንም አታስነካም።

ስለዚህ ለወንድምሽ ዛሬውኑ ጻፊለት። ከመግዛቱ በፊት የቻርጀሩን ጀርባ ፎቶ አንስቶ ይላክልሽና እዚህ ለጥፊው። እኔ አየዋለሁ።