«100 በመቶ አሳልፏል» ወደተባለው ትምህርት ቤት ከመሮጥሽ በፊት

እህቴ፣ ባለቤትሽ ገጠር ወረዳ ተመድቦ፣ እዚያ ካሉት ሁለት የመንግሥት ትምህርት ቤቶች አንዱ በ6ኛ ክፍል ክልላዊ ፈተና 100 በመቶ፣ ሌላው 80 በመቶ አሳልፏል፤ ልጄን የት ላስገባ ብለሻል። እኔም ቁርጥ ይኸው ነገር ስለገጠመኝ ልንገርሽ።

1. መቶኛውን ተዪና ስንት ልጅ ተፈተነ በዪ። እኛ ጋ 100 በመቶ ያመጣው ትምህርት ቤት ያስፈተነው 8 ልጅ ነው። አንዱ ወባ ይዞት ፈተናውን ቢወድቅ ኖሮ 87.5 ይሆን ነበር።

2. መስከረም ላይ ስንት ተመዘገበ በዪ። ጉዱ ያለው እዚህ ነው። ቁጥሩን ፍለጋ ወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤት ሄድኩ። ሠራተኛው ከስልኩ ቀና ሳይል «ማን ልኮሽ ነው?» አለኝ። ወላጅ ነኝ ስለው «ወላጅ የሚያየው ካርድ ነው» ብሎ ፋይሉን በክንዱ ሸፈነ። የአባቱ ርስት መሰለው እንዴ! በደብዳቤ ጠይቂ፣ ደብዳቤው ይመራል፣ የሚመራለት ሰው ደግሞ ስብሰባ ላይ ነው። ታውቂው የለ።

ትቼው ቀጥታ ባለ 100 በመቶው ትምህርት ቤት ሄድኩ። እኔ እንደሆንኩ ሳላይ አልመለስም። ርዕሰ መምህሩ ጨዋ ሰው ነው፣ ሮስተሩን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋልኝ። መስከረም ላይ 23 ስም አለ። ከኅዳር አጨዳ ጀምሮ አንድ በአንድ በቀይ እስክሪብቶ ተሰርዞ «አቋርጧል»፣ «አቋርጣለች» ይላል። የቀሩት 8ቱ ናቸው። ባለ 80 በመቶው ግን 44 መዝግቦ 41 አስፈትኗል፤ 33ቱ አልፈዋል። ከተመዘገበው ስታሰዪው አንዱ 35፣ ሌላው 75 በመቶ ነው። እንግዲህ ፍረጂ።

የኢንስፔክሽን ደረጃ (ትምህርት ቤት ተፈትሾ የሚሰጠው ደረጃ) ምናምን ለሚሉሽ ጆሮ አትስጪ። ትምህርት ሚኒስቴር ራሱ ከ85 በመቶ በላይ የሚሆኑት ትምህርት ቤቶች ከደረጃ በታች ናቸው ብሏል፤ ሁለቱም እዚያው ውስጥ ሊሆኑ ይችላሉ።

ይልቅ የ3ኛ ክፍል ልጅ አስነብቢ። ገጹን ግን አንቺ ምረጪ፣ በቃሉ ይይዘዋላ! ከባለ 100ው አንዱን ሳስነብበው አፉ ታች ደርሷል፣ ጣቱ ገና ላይኛው መስመር ላይ ነው።

ልጄን ባለ 80ው አስገባኋት፤ አሁን ለአያቷ ደብዳቤ ታነባለች።

ደግሞ ልታዪ የምትሄጂው በገበያ ቀን ይሁን። ስንቱ መምህር ክፍል እንደሚገባ የሚታየው ያኔ ነው።